ዓሣ ነባሪ ለማየት የት እንደር?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከዚሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። እህቴ ኬፕ ታውን ትኖራለች። ዘንድሮ እናታችንን ይዤ ልሄድላት ነው። እናቴ አንድ ቀን በቴሌቪዥን ዓሣ ነባሪ አየችና «የዮናስን ዓሣ በዓይኔ ሳላይ አልሞትም» ብላ ይዛናለች። እህቴ ሄርማኑስ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ሦስት ቤት አገኘች። አንዱ ተራራው ግርጌ ነው። ሰፊ በረንዳ አለው፣ ባሕሩ በሙሉ ይታያል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ሁለተኛው መሃል ከተማ ያለ ትንሽ ገስት ሀውስ ነው። መስኮቱ ወደ ግቢ ነው የሚያየው፣ ግን ወደድ ይላል። ሦስተኛው ከከተማው ራቅ ብሎ አሸዋው ዳር ነው። የእኔ ልብ በረንዳው ላይ አርፏል። እናቴ ጀልባ ትፈራለች። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዘጌ ስንሻገር እንኳ ዓይኗን ጨፍና ነው። ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። ፍልሰታን ደግሞ አለመጾም የሚባል ነገር የለም። የትኛውን እንያዝ? በነሐሴ ይሻላል ወይስ በመስከረም?

መልስ፦ መሃል ከተማ ያለውን ይያዙ። መስኮቱ ግቢ ቢያይም ግድ የለም።

ምክንያቴን ልንገርዎ። እኔ እዚሁ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ሪሰፕሽን ላይ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። እንግዳ ሁሉ ገና ሻንጣው ሳይወርድ «ሐይቁ የሚታይበት አልጋ አለ?» ይላል። ጨምሮ ከፍሎ ይይዛል። በረንዳው ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ወደ ከተማ ይወጣል። ማታ ሲመለስ ጨልሟል። ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጥ ፀሐይዋ ዓይኑን ትወጋዋለች፤ መልሶ ይዘጋዋል። ጉማሬውን ያየው ማነው? ዘበኛው። ዘበኛው መስኮት የለውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ግቢው ውስጥ ሲዞር ያድራል። እኔም ጉማሬው በየት በኩል እንደወጣ ለእንግዳ የምናገረው ከእሱ ሰምቼ ነበር። ጉርሻውን ግን ብዙ ጊዜ የምቀበለው እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ስለሚሠራ ሄርማኑስን አይቻታለሁ። ተራራና ባሕር መሃል የተዘረጋች ቀጭን ከተማ ናት። ከተራራው ግርጌ ባሕሩ በሙሉ ይታያል የተባለው እውነት ነው። ግን ከዚያ ርቀት ዓሣ ነባሪ ጥቁር ነጥብ ነው። ነጥቡ ድንጋይ ይሁን ማዕበል ሳይለዩ ይጠልቃል። እናትዎ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው የሚሄዱት ነጥብ ለማየት አይመስለኝም።

የሄርማኑስ ጉድ ሌላ ነው። ከተማዋ ዎከር ቤይ የሚባል ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ላይ ተቀምጣለች። ዳርቻዋ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ውሃው ወዲያው ይጠልቃል። ስለዚህ ዓሣ ነባሪዎቹ አለቱ ድረስ ተጠግተው ይመጣሉ። ጀልባ ሳይነኩ፣ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። እናትዎ ጀልባ የሚፈሩ ከሆነ በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ ቦታ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

በገደሉ አፋፍ ላይ የእግር መንገድ ተሠርቷል። ከአዲሱ ወደብ ይነሣና ግሮቶ እስከሚባለው አሸዋማ ዳርቻ ድረስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሁሉን መሄድ የለብዎትም። መሃል ከተማው ላይ አሮጌው ወደብ አለ፤ ከእሱ አጠገብ ጊሪንግስ ፖይንት የሚባል ወደ ባሕሩ ሾጠጥ ብሎ የገባ አፋፍ አለ። መንገዱ ላይ በየቦታው አግዳሚ ወንበር አለ። እናትዎን እዚያ ያስቀምጧቸዋል፣ ጋቢያቸውን ይደርባሉ፣ አለቀ።

አሁን የቤቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እንስሳው ቀጠሮ አይሰጥም። ጠዋት አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው ምንም ላያዩ ይችላሉ። ተመልሰው ቡና ይጠጣሉ፣ እናትዎ ጋደም ይላሉ፣ ከሰዓት እንደገና ይወጣሉ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ይደግማሉ። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው በእግሩ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ያደረ ብቻ ነው። ከተራራው ግርጌ ግን በወጡ በገቡ ቁጥር መኪና ማስነሣት ነው። አንድ ጊዜ ይወጣሉ፣ ሁለተኛው ላይ «ነገ እንሄዳለን» ይባላል። የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ነገ የሚለውን ቃል ቶሎ ይለምዳል። ገስት ሀውሱ ወደድ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚሸጥልዎት ቦታውን ነው።

አሸዋው ዳር ያለውን ይተዉት። አሸዋ ላይ መራመድ ለጉልበት አይሆንም፤ ለሱቅም ለሁሉም መኪና ይፈልጋል።

ምን እንደሚያዩም ልንገርዎ፣ እናትዎ አስቀድመው እንዲያውቁት። እዚያ የሚመጣው የደቡብ ራይት ዌል የሚባለው ዝርያ ነው። ከከተማ አውቶቡስ ይረዝማል፤ 15 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ክብደቱም 40 እና 50 ቶን ይሆናል። ክረምቱን ሽሽት ከአንታርክቲካ አካባቢ ይመጣሉ፣ እዚህ ረጋ ያለ ውሃ ፈልገው ይወልዳሉ። እናቲቱ በሦስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ አንዴ ነው የምትወልደው። ግልገሉ ሲወለድ ራሱ 5 ሜትር ያልፋል። ድሮ አድነው ሊጨርሷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 በዓለም አቀፍ ስምምነት መታደናቸው ተከለከለ፣ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ አገገሙ።

መጀመሪያ የሚታየው ትንፋሹ ነው። ለሁለት ተከፍሎ ወደ ላይ ይረጫል፣ ነፋስ ይበትነዋል። ዓይንዎን እዚያው ያቆዩ። ቀጥሎ ራሱ ብቅ ይላል። ራሱ ላይ እንደ ነጭ ቅርፊት ያለ ነገር አለበት፤ እከክ የያዘው ይመስላል፣ ግን ቆዳው ነው። በጀርባው ላይ ክንፍ የለውም፣ ስለዚህ ጀርባው ሲወጣ ለጥ ያለ ጥቁር ነገር ነው የሚያዩት። እድለኛ ከሆኑ ጭራውን ወደ ላይ አቁሞ ይቆያል፣ ወይም መላ ሰውነቱን ከውሃ አውጥቶ ይዘልና ይወድቃል። ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አጠገቤ የነበረች ሴት ጮኸች፤ እኔ እንኳን አልጮህኩም፣ ግን አማተብኩ።

ከተማዋ ለእንስሳው ያላት ፍቅር ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓሣ ነባሪ ሲመጣ መለከት እየነፋ የሚያውጅ ሰው ቀጠረች። መለከቱ ከባሕር አረም የተሠራ ነው። የድሮ አዋጅ ነጋሪ በሉት።

ወደ ወሩ እንምጣ። ዓሣ ነባሪዎቹ ከሰኔ እስከ ኅዳር አሉ፤ የሚበዙት ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። በነሐሴ ይሂዱ አልልም። አንደኛ ፍልሰታ ነው። እናትዎ ስለሚጾሙ ብቻም አይደለም፣ ያለ ቅዳሴ ፍልሰታ ምን እንደሚመስል እርስዎም ያውቁታል፤ ልባቸው ከዚህ አይወጣም። ሁለተኛ በዚያ አገር ነሐሴ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ከምዕራብ በኩል እየተግተለተለ ይመጣል። እንቁጣጣሽን እቤት ያክብሩና መስከረም 3 ወይም 4 ይነሡ።

ከመስከረም 14 በፊት ደግሞ ሄርማኑስን ጨርሰው ይውጡ። ያ ቀን በፈረንጅ 24 ሴፕቴምበር ነው፣ እዚያ አገር ብሔራዊ በዓል ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍትም በዚያ ሰሞን ይሆናል፤ ከተማዋም የዓሣ ነባሪ ፌስቲቫሏን የምታከብረው ወደዚያው ነው። አልጋ አይገኝም፣ የተገኘውም እሳት ነው። መስቀልን ኬፕ ታውን ከእህትዎ ጋር ያክብሩ፤ ቤተ ክርስቲያናችን እዚያም አለ።

ስንት ሌሊት? ከሦስት አያሳንሱ። ከኬፕ ታውን 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል። ብዙ ሰው ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ቀኑ ጭጋግ ከሆነ ግን ጭጋግ አይቶ ነው የሚመለሰው።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት እህትዎ ለገስት ሀውሱ ባለቤት የምትጽፈው አንድ ደብዳቤ ይበቃል። ዋጋው የክፍል ነው የሰው? እዚያ አገር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የአንድ ሰው ሒሳብ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲተኛ በሁለት ይባዛል። ርካሽ የመሰላችሁ በረንዳ እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ እንደገና ይዩት። ክፍሉ ምድር ቤት ነው ወይስ ደረጃ አለው? ማሞቂያ አለ? ይሄኛው ቀልድ አይደለም። የባሕር ዳር ሰው ብርድ የሚያውቀው ለብሶ በሚያልፍ መጠን ነው። እዚያ አብዛኞቹ ቤቶች በሙሉ የሚሞቁ አይደሉም፤ ሌሊት ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይገባል። አንዳንዶቹ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አንሶላ ያነጥፋሉ። ካለ ደስ ይበልዎት። ባይኖርም ሁለት ጋቢ ሻንጣ ውስጥ ይክተቱ።

ኩሽናም ይጠይቁ። ረቡዕና ዓርብ ይመጣል። ፈረንጅ ቁርስ ማለት እንቁላልና ሥጋ ነው፤ «ጾም ነኝ» ሲሉ ወተት ያመጡልዎታል። አንዲት ምድጃና ድስት ካለች ሽሮና በርበሬ ከዚህ ይይዛሉ፣ ሌላው እዚያ ሱቅ አለ። ገስት ሀውሱ ኩሽና ከሌለው ግን በዚህ ብቻ አይተዉት። እህትዎ ኬፕ ታውን አዘጋጅታ ትምጣ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ዝንጀሮ። ተራራው ላይ የዝንጀሮ መንጋ አለ፤ አንዳንዴ ወደ ቤቶቹ ይወርዳል። መስኮት ከፍተው ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ትተው አይውጡ። ተራራው ግርጌ ያለው ቤት ላይ ይሄ ይብሳል፣ በረንዳው ሰፊ የሆነው ለእናንተ ብቻ እንዳይመስልዎት።

እርስዎና እህትዎ ጀልባ ከፈለጋችሁ እናትዎን ወንበራቸው ላይ ሰው አጠገብ አስቀምጣችሁ ሂዱ። ጀልባዎቹ ከአዲሱ ወደብ ነው የሚነሡት። የአገሩ ሕግ ማንም ጀልባ ወደ ዓሣ ነባሪ ከ300 ሜትር በታች እንዳይጠጋ ይከለክላል። ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች ብቻ እስከ 50 ሜትር ይጠጋሉ። ስለዚህ ስትከፍሉ ፈቃድ እንዳላቸው ጠይቁ። ቦታችሁን በመጀመሪያው ቀን ያዙ፤ ባሕሩ ተቆጥቶ ከተሰረዘ ለሚቀጥለው ቀን ይዞርላችኋል። የመጨረሻው ቀን ላይ ካደረጋችሁት የሚዞርበት ቀን የለም።

የጣና ሞገድ ለምዶኛል ብለው ደግሞ አይኩራሩ። የጣና ሞገድ አጭር ነው፣ ጀልባውን ይደበድበዋል፣ ውሃ ይረጫል፣ ያስፈራል። የውቅያኖሱ ግን ረጅም ነው። ቀስ ብሎ ያነሣዎታል፣ ቀስ ብሎ ያወርድዎታል፣ ሆድዎን ይዞት ይሄዳል። የማቅለሽለሽ ክኒን ከመሳፈርዎ በፊት ነው የሚዋጠው።

ወረቀት ላይ፦ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ ቀደም ብላችሁ አስገቡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም አትርሱ። አሁን ከፓስፖርቱ ጋር በላስቲክ እሰሩት።


ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከአዲስ አበባ ነን፣ ባልና ሚስት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ጥቅምት ላይ ባሕር ዳር መጥተን ለልጆቹ ጉማሬ ልናሳያቸው ነው። ውሃው አፍ ላይ ያለ ሎጅ ብንይዝ ከክፍላችን ሆነን እናያለን?

መልስ፦ ከክፍላችሁ ሆናችሁ የምታዩት ደንገል ነው። በጥቅምት ሐይቁ ከክረምቱ ሞልቶ ነው የሚገኘው፣ ዳርቻው ላይ ያለው ደንገልና ሣር ለምልሟል። ምድር ቤት ያለ ክፍል ከያዛችሁ ከፊታችሁ አረንጓዴ ግድግዳ ነው፣ ከበስተጀርባው ደግሞ እንቁራሪት ሲዘምር ያድራል። ለልጆች ጥሩ ሙዚቃ ነው፣ ለእናንተ አላውቅም።

ጉማሬ ማየት ከፈለጋችሁ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ነው። በ1988 ዓ.ም. የተሠራው የጨራ ጨራ ማገጃ ያለበት አካባቢ፣ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት በኩል። ጉማሬው ቀን ቀን ፀሐይ ቆዳውን ስለሚጎዳው ውሃ ውስጥ ነው፤ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊትና ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ከሄዳችሁ የምታዩት ጆሮና የአፍንጫ ቀዳዳ ነው። ጆሮው ውሃ ሲያራግፍ ይርገበገባል፣ ከዚያ ይጠልቃል፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይጠፋል፣ ከዚያ ባልጠበቃችሁት በኩል ሲያጉተመትም ትሰማላችሁ። ልጆች ይሄን ይወዱታል፣ ቆጥራችሁ አስቆጥሯቸው።

እና አልጋውን ስትመርጡ ውሃው አፍ ላይ መሆኑን ተዉትና ከጀልባ መነሻው ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ። ልጅ በንጋት ቀስቅሶ፣ አልብሶ፣ ባጃጅ ፈልጎ ጀልባ መድረስ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከጀልባው አጠገብ ካደራችሁ ልጁ ጋቢ ውስጥ እንደተጠቀለለ ይሳፈራል። ፔንሲዮንም ቢሆን ይሻላል፣ በርካሽ ትገላገላላችሁ፣ ቀሪውን ዓሣ ትበሉበታላችሁ።

ስልክ ደውላችሁ የምትጠይቁትን ልንገራችሁ፣ ሪሰፕሽኒስቷ ሳትጠየቅ አትነግራችሁም። «ቅዳሜ ሰርግ አላችሁ?» በሉ። ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች ግቢያቸውን ለሰርግ ያከራያሉ። ሰርግ ካለ እስከ እኩለ ሌሊት ስፒከሩ መስኮታችሁን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ተጠይቄ ዋሽቼ አላውቅም፤ ግን ያልጠየቀኝን እንግዳ ጠርቼ አላስጠነቀቅኩም። ሥራ ሥራ ነው። «አጎበር አለ?» ብላችሁም ጠይቁ። ጥቅምት ወባ ያለበት ወር ነው፣ በተለይ ለልጆቹ። አለ ካሉ ቀዳዳ እንደሌለው አልጋው ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ሙቅ ውሃና ጄኔሬተርም በአንድ ትንፋሽ ይጠየቃል።

ጀልባው ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ካልመጣ አትሳፈሩ። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ቢያስሩት ከላዩ ሾልኮ ይወጣል። ካፒቴኑ ከጉማሬው ራቅ ብሎ ሞተሩን እንዲያጠፋ ንገሩት። ቱሪስት ጉርሻ ይሰጠኛል ብሎ የሚጠጋ አለ፤ ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ ትገለብጣለች። በታንኳ ወደ ጉማሬ አትሂዱ። ታንኳ ላይ ልጆቹን ፎቶ ማንሣት ከፈለጋችሁ ዳር ላይ ቆማ ይሁን።

ግቢ ውስጥ ደግሞ ማታ ልጆቹን ብቻቸውን ወደ ውሃው አትልቀቁ። ጉማሬ የብስ ላይ ከሰው ይፈጥናል። በእሱና በውሃው መሃል የቆመ ሰው ነው የሚጎዳው፤ መንገዴን ዘጋብኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ዘበኛውን ተዋወቁት። ሻይ ጋብዙትና «ትናንት ሌሊት በየት ወጣ?» በሉት። ኮቴውን በባትሪ ያሳያችኋል። አራት ጣት ያለው፣ ሰፊ፣ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ነው። ልጆቹ ከጀልባው ይልቅ ይሄን ሲያወሩ ብትሰሙ አይግረማችሁ።

በአንድ ጀልባ ሁለት ነገር ለመጨረስ ደብረ ማርያምን ተሳለሙ፣ መንገድ ላይ ነው። ወደ ዘጌ የምትቀጥሉ ከሆነ ጠዋቱን ተጠቀሙበት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ክብራን ገብርኤል ላይ ሴት አይገባም፣ ስለዚህ እናትየውን ጀልባ ላይ አስቀምጣችሁ የምትገቡበትን ዕቅድ ከአሁኑ ሰርዙት። እምቦጩን ያያችሁ እንደሆነ ስለሱ ጠይቃችሁኛል ብዬ ልመልስ፦ የከፋው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ነው፣ እኛ ደቡብ ነን።

መምጫውን በአውሮፕላን አድርጉት። በመኪና ካላችሁ ግን ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ሰሞኑን ያለፈበትን ሰው ጠይቁ።


ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ። ዓሣ ነባሪ ለማየት ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚሄድ ገንዘብ የለኝም። ቅርብ ቦታ የለም?

መልስ፦ አለ፣ ግን ምን እንደምታዪ ለይተሽ እወቂ። ጅቡቲ የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል። እዚያ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ ይመጣል። እሱ ዓሣ ነው፣ ከሻርክ ወገን፤ እንደ ዓሣ ነባሪ ሳንባ የለውም፣ አናቱ ላይ ባለ ቀዳዳም አይተነፍስም። ትልቅ ነው፣ የዋህ ነው፣ ሰው አጠገቡ ይዋኛል። ዋና ካላወቅሽ ግን ገንዘብሽን ጀልባ ላይ ተቀምጠሽ የሌላውን ሰው እግር ለማየት ነው የምትከፍዪው። የሚታደረው ጅቡቲ ከተማ ነው፤ ጀልባው ወደ አርታ በኩል ይወስድሻል። ማደሪያሽ ላይ የምትጠይቂው አንድ ነገር ኤሲ ብቻ ነው።

እውነተኛውን ዓሣ ነባሪ ከፈለግሽ ኬንያ ዋታሙ የምትባል ቦታ አለች፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ ከማሊንዲ አጠገብ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሃምፕባክ የሚባለው ዝርያ ከደቡብ ውቅያኖስ ወደ ሞቃቱ ውሃ ሲወጣ በዚያ ያልፋል። እዚያ እንደ ሄርማኑስ ገደል የለም፤ ጀልባ ግድ ነው። ስለዚህ ማደሪያ ስትፈልጊ ባሕር ዳርቻው ላይ ላለ ሪዞርት አትክፈዪ። መንደሩ ውስጥ ርካሽ ቤት ያዢና የተረፈሽን ለጀልባው አድርጊ። ጀልባ ለብቻ ውድ ነው፣ ለስድስት ሲካፈሉት ይቀላል፤ እዚያ ስትደርሺ ሰው ሰብስቢ ወይም ከዚሁ ከጓደኞችሽ ጋር ሂጂ። መንደሯ ሙስሊም የሚበዛባት ናት፣ ከባሕሩ ስትወጪ ነጠላሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊ።


ጥያቄ፦ ባይናኩላር ልግዛ ወይስ ስልኬ ይበቃል? (ከፋሲሎ)

መልስ፦ ስልክዎ ለዚህ አይሆንም። አቅርበው ያነሡት ጉማሬ ድንጋይ ይመስላል፣ ዓሣ ነባሪውም እንደዚያው። ባይናኩላር ሲገዙ ላዩ ላይ 8 በ42 ወይም 10 በ42 የሚል ቁጥር ያያሉ። ባለ 8ቱን ይውሰዱ። ባለ 10ሩ የበለጠ ያቀርባል ግን የእጅን መንቀጥቀጥም ያበዛዋል፤ ጀልባ ላይ ራስ ያዞራል። ከመክፈልዎ በፊት ከሱቁ በር ወጥተው የሩቅ ታፔላ ያንብቡበት። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ክብ ካላዩ ለሌላ ይቀይርልዎት። ማሰሪያው አንገት ላይ የሚውል መሆኑንም ይዩ። ጣና ውስጥ የወደቀ ባይናኩላር አውጥቶ የሰጠ ጀልባ ነጂ እስካሁን አላጋጠመኝም።